በለቅሶ የዞርነው አገር

ሰው ስለሚወዳቸው አገሮች ሲያወራ አየሩን ያነሣል፣ ምግቡን ያነሣል፣ ያደረበትን ሆቴል ያነሣል። እኔ የምዕራብ ጎጃምን ከተሞች የማውቃቸው በሟቾቻቸው ነው። ማንኩሳ ሲባል የአንዲት ጠላ ጠማቂ ቀብር ትዝ ይለኛል፤ ቡሬ ሲባል አንድ የበሬ ነጋዴ፤ ፈረስ ቤት ሲባል ደግሞ ሞቱ ተብለው ንፍሮ ሲበሉ ያገኘናቸው አዛውንት። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። አገሮቹን ማለቴ ነው። ሟቾቹንማ፣ ከፈረስ ቤቱ በቀር፣ አንዳቸውንም በሕይወት አላየኋቸውም።

ይህን የአገር አዟዟር ያስተማሩኝ አክስቴ ናቸው፣ የአባቴ ታናሽ እኅት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ፍኖተ ሰላም እኛ ቤት ገብተው በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ይኖሩ ነበር። ዘመኑ ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት የተደላደለበት፣ ሞባይል ገና የሹም ጌጥ የነበረበት ነው። አክስቴ አገር ማየት ይወዱ ነበር። ይህ በእኛ ዘንድ ስም ያልወጣለት በሽታ ነው። የተከበረች ባልቴት ከቤቷ የምትወጣው ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ «አገር ልይ» ብሎ መንገድ መውጣት የሚባል ነገር የለም። አባቴ በዚህ ነገር ቁርጥ ያለ አቋም ነበራቸው። «ለማየት የሚሄድ ፈረንጅ ነው፤ ፈረንጅ ካልሆነ ሌባ ነው» ይሉ ነበር።

አክስቴ ታዲያ መላ ፈለጉ። ሠርግ ሳይጠሩ አይኬድም። ጠበል እንዳይሄዱ፣ ሳይታመሙ ታመምኩ ማለት እግዜርን መድፈር ነው። ለቅሶ ግን ጥሪ የለውም። ለቅሶ ልደርስ ነው ያለን ሰው አባቴም ቢሆኑ አይከለክሉም፤ የሰው ለቅሶ ያልደረሰ የራሱን ቀባሪ አያገኝማ። በዚህ ምክንያት አክስቴ ከማኅበራቸው ሴቶች ሁሉ ብዙ አገር ያዩ፣ ብዙም ያለቀሱ ሰው ሆኑ።

ከሁሉ አብልጠው ሊያዩት የሚመኙት ጢስ ዓባይን ነበር። ፏፏቴው ያን ጊዜ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ ነበር፤ አክስቴ ቅቤ ሸጠው የተቀበሉትን ብር ወደ ብርሃን አስጠግተው ያዩታል። «ዕድሜ ልኬን ሥዕሉን ስመነዝር ኖሬ ውሃውን ሳላየው ልሙት?» ይላሉ። ነገሩን ያባሰው ዓይናቸው ነው። ጤና ጣቢያ ቢሄዱ ሞራ ነው፣ ካልተገፈፈ እየጋረደ ይሄዳል ተባሉ። አክስቴ ደግሞ ዓይናቸውን በብረት የሚነካ ሰው ገና አልተወለደም ባይ ናቸው። ስለዚህ ጊዜ አልነበራቸውም። ዓይናቸው ሳይጋረድ ጢስ ዓባይ ላይ የሚሞት ዘመድ ያስፈልጋቸው ነበር።

እኔ አጃቢ ሆኜ የተመደብኩት በአባቴ ትእዛዝ ነው። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር፤ ባል የለኝ፣ አለቃ የለኝ፣ የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼ መሄድ እችላለሁ። መንገድ ግን አልወድም። የናፍጣ ሽታ ገና ከመናኸሪያው በር ያስመልሰኛል። ሎሚ በአንድ እጄ፣ ፌስታል በሌላው ይዤ፣ የማላውቀውን ሰው ልቀብር ስንት ዳገት እንደወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አክስቴ አጠገቤ መስኮቱን ከፍተው ይስቃሉ። «እዪ፣ እዪ፣ ያንን ተራራ» ይላሉ። እኔ የማየው ፌስታሉን ነው።

አክስቴ ግን ቀጣፊ አልነበሩም፤ ሕግ ነበራቸው። ሟቹ በእርግጥ መሞት አለበት፣ በእርግጥም ዘመድ መሆን አለበት። እኛ ዘንድ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እሳቸው ለለቅሶም ይህንኑ አዋጅ አደረጉት። በገበያ ቀን ከየአገሩ የመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ይዞራሉ። ከብቱ ደህና? እህሉ ደህና? ልጆቹ ደህና? ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናንተ ዘንድ ማን ሞተ?» ይላሉ። የሟቹ ስም ሲጠራላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሰባተኛው ቤት ሳይደርሱ አንድ ቦታ ካጋጠሙት ዓይናቸውን ይገልጡና፣ «ወንድሜን» ብለው ደረታቸውን ይይዛሉ። በነጋታው መንገድ ነው።

ማንኩሳ ቅርብ ስለሆነች መለማመጃችን ነበረች። አክስቴ ነጠላቸውን እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ድረስ እንደ ደህና ሰው ለብሰው፣ ግራ ቀኙን እያዩ፣ ገበያውን እየጠየቁ ይሄዳሉ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው ያዘቀዝቁታል። ከዚያ በኋላ የሚያለቅሱት እውነተኛ እንባ ነው፤ ከየት እንደሚያመጡት አልገባኝም። ሲጠናቀቅ የአገሩን ውሃ ይቀምሳሉ፣ ንፍሮውን ይዳኛሉ። የማንኩሳ ውሃ ቀጭን ነው፣ ንፍሮዋ ግን ባቄላ ይበዛዋል የሚል ፍርድ ሰጥተው ነበር። ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ አንድም ሰው ይግባኝ ሲልበት አልሰማሁም።

ቡሬ ላይ ግን ነገር መጣ። ሟቹ ደጋና ቆላ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ የበሬ ነጋዴ ናቸው። ሐዘኑ የወደቀው በርበሬ በሚሰጣበት ሰሞን ስለነበር ድንኳኑ አጠገብ ቀይ በርበሬ በሰሌን በሰሌን ተሰጥቷል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሐዘንተኛው በሙሉ ያስነጥሳል፣ ዓይኑ ይቀላል፤ ማን ለሟቹ፣ ማን ለበርበሬው እንደሚያለቅስ አይለይም። አክስቴ በዚህ ተናደዱ መሰለኝ፣ የእሳቸው ከበርበሬ እንዳልሆነ ለማሳየት ብድግ ብለው ሙሾ አወረዱ።

«ደጋ ቆላ ወራጅ፣ የበሬው ነጋዴ፣
ሳልጠግብህ ነጎድክ ወይ፣ ዓለሜ ዘመዴ።»

የሟቹ ሚስት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ነበር። ለቅሷቸውን አቆሙ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አክስቴን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው። «እርስዎ» አሉ፣ በዚያ ሁሉ ንዴት እርስዎታውን ሳያጓድሉ፣ «መቼ ቀምሰውት ነው ያልጠገቡት?»

በድንኳኑ የሚያስነጥስ እንኳን ጠፋ። ሟቹ ከቤት ርቀው ብዙ የሚያድሩ ነጋዴ ነበሩና ሁሉም ሰው በልቡ የራሱን ሒሳብ ሠራ። እኔ ጨርቅ ልቅደድ፣ መሬት ልግባ ብል መሬቱም በርበሬ ነው። ሽማግሌዎች ተጠሩና አክስቴን ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዷቸው። ሰብሳቢው የሟቹ የገበያ ባልንጀራ የነበሩ፣ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ ሙስሊም ጎረቤት ናቸው። «እናቴ፣ በማን በኩል ነዎት?» ብለው በትሕትና ጠየቁ። አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከአያታቸው ጀመሩ። ወደ ላይ ወጡ፣ ወደ ጎን ዞሩ፣ ወደ ታች ወረዱ። ሽማግሌዎቹም አብረው ይቆጥራሉ። በመጨረሻ ሙስሊሙ ሽማግሌ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «እኔ እንደሚገባኝ እርስዎ ለሟቹ ስድስተኛ ቤት ነዎት። ለሚስቱ ግን ሦስተኛ ቤት ነዎት» አሉ።

ይህ ለሚስቲቱ ሲነገራቸው ተነሥተው አክስቴን አቀፏቸውና ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። አሁን አክስቴ እንግዳ መሆናቸው ቀርቶ የሐዘኑ ባለቤት ሆነዋል፤ እኔም አብሬ ባለቤት ሆንኩ። የማላውቃቸው ሰዎች እየመጡ «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፣ እኔም «አሜን» እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ሣልስቱ ሳያልፍ አትሄዱም ተባልን። ፍኖተ ሰላም አንዲት ደንበኛዬ ሙሽራ የምሰፋላትን የሠርግ ቀሚስ እየጠበቀች ነው፣ እኔ ቡሬ ሐዘን ተቀምጫለሁ። አክስቴ ግን በየጠዋቱ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ለማየት ወጣ ይሉ ነበር፤ ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ይበራል። ያንን ፊት ሳይ ንዴቴ ይበርድልኛል፣ ይኸው ነው የሚያናድደኝም።

ፈረስ ቤት የሄድነው በብርድ ነው። መንገዱ ጠጠር፣ ዳገቱ ማለቂያ የሌለው፣ እኔ ሎሚዬን ጨርሼ ልጣጩን ማሽተት ጀምሬያለሁ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሰው ተሰብስቧል፤ አክስቴ ደጃፉ ላይ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። በሩ ላይ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ተቀምጠው የገብስ ንፍሮ ይበላሉ።

«እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?» አሉን።

«ከፍኖተ ሰላም ነን» አሉ አክስቴ፤ የሟቹን ስም ጠርተው፣ «ለቅሶ ልንደርስ ነው።»

«እኔ ነኝ» አሉ አዛውንቱ። «ደግ አድርጋችኋል። ግቡ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰውየው አጣጥረው፣ ተናዝዘው፣ ትንፋሻቸው ጠፋና መርዶው ወጣ። ሊገንዟቸው ሲነኳቸው «እጅህ ቀዘቀዘኝ» ብለው ተነሡ። መርዶው ግን ገበያ ደርሷል፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። ከሩቅ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም ተብሎ ለቅሶው ባለቤቱ ባሉበት ቀጠለ። አዛውንቱ ደግሞ ነገሩን ወደዱት። እየገባ የሚወጣውን ሰው በዓይናቸው ይመዘግባሉ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ።

አክስቴ ሙሾ አዋቂ መሆናቸው ሲነገራቸው፣ «እስቲ አልቅሺልኝ፣ ልስማው» አሉ።

«ሳይሞቱ አላለቅስም፣ ጌታዬ» አሉ አክስቴ።

«ከሞትኩ ወዲያ ብታለቅሺ ለእኔ ምን ይረባኛል?»

አክስቴ አሰቡበት። እንባ ሳይነካው ግጥሙን ብቻ ሊሰጧቸው ተስማሙ።

«የፈረስ ቤት ጌታ፣ የደጋው አውራ፣
ሞተ ብለውን መጣን፣ ቁጭ ብሎ ሲያወራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አዛውንቱ ግን ከበድ ብለው፣ «ነብር መግደሌንም አስገቢበት» አሉ። ከጥግ አንዲት ሴት፣ ሚስታቸው መሆናቸውን ኋላ ነው ያወቅነው፣ «ጅብ ነው፤ እሱም የታመመ» አሉ። ስንወጣ አክስቴ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ያለውን አገር እያዩ ብዙ ቆዩ። መንገዱ ዳር ያለ የገብስ ክምር ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። እኔ አልሳቅሁም፣ ክምር መሆኑንም አልነገርኳቸውም። ዓይናቸው እየከዳቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የጢስ ዓባይ ነገር ጭንቅ ሆነ። አክስቴ ገበያውን አስሰው በስድስተኛ ቤት አንድ ዘመድ አገኙ። ከጥንት ጀምሮ ጢስ ዓባይ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ናቸው። ዘመድ ተገኘ፣ ችግሩ ደህና መሆናቸው ነው። ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጢስ ዓባይ የሚመላለሰው ሾፌር በመጣ ቁጥር አክስቴ መናኸሪያ ወርደው ይጠይቃሉ።

«ሽማግሌው ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እቴቴ። ባለፈው ሳምንት ሲያርሱ አይቻቸዋለሁ።»

«ተመስገን» ይላሉ አክስቴ፤ ፊታቸው ግን እንደ ተነፈሰ ጎማ ይሆናል።

ይህ ነገር ኅሊናቸውን በላቸው። የሰው ሞት እየጠበቅሁ ነው ብለው ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። ቄሱ ስግደት ሰጧቸው፤ ደግሞም «ለሰውየው ቅቤ ላኩላቸው፤ በጎ የሠሩለትን ሰው ሞት መመኘት አይቻልም» አሏቸው። አክስቴ ቅቤ ላኩ። ከጢስ ዓባይ መልእክት መጣ፤ «ቅቤው ደርሶኛል፤ የወገቤ ሕመም ለቆኛል» የሚል። እንደገና ላኩ። «የጉልበቴም ለቆኛል» ተባለ። በዚህ ሁኔታ አክስቴ ለኅሊናቸው ሲሉ ሽማግሌውን እያፋፉ፣ በዚያው ልክ የራሳቸው ዓይን እየደከመ ሄደ። መርፌያቸው ላይ ክር የማስገባላቸው እኔ ሆንኩ፤ የብሩን ሥዕል ማየትም ተዉ። ማታ ማታ ዝም ብለው ሲቀመጡ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም የዚያን ሰው ሞት ተመኝቼ ነበር። እኔ ደግሞ ቅቤ የምልክበት አቅም የለኝም።

ሽማግሌው የሞቱት በልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ ነው። ሾፌሩ ይህን ሲነግረን አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ቅቤዬ ነው» አሉ። «ቅቤዬ ባይሆን ቤታቸው ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር።» ቄሱ ቅቤ ሰው አይገድልም፣ የሚገድለው ማጣት ነው ብለው ገሠጿቸው። በማግስቱ ተነሣን። ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈን ባሕር ዳር፤ ከዚያ በአቧራው መንገድ ጢስ ዓባይ። አክስቴ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን አልከፈቱም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያውቁት ሰው ሊያለቅሱ ነበር የሚሄዱት።

አለቀሱም። የሟቹ ልጆች ተገርመው፣ «አባታችንን የት ነው የሚያውቋቸው?» ሲሏቸው፣ «አላውቃቸውም፤ የሚያገናኘን ቅቤ ነበር» አሉ። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ልጆቹን ተሰናብተን የድሮውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። አክስቴ ከእኔ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ዳገቱ ለእሳቸው ሜዳ ነበር።

አፋፉ ላይ ደረስን። ከፊት ለፊታችን ሰፊ ጥቁር ገደል አለ። በአንደኛው ጠርዝ በኩል እንደ ክር የቀጠነች ውሃ ትወርዳለች። ሌላው ሁሉ ደረቅ ድንጋይ ነው።

«ደረስን?» አሉ አክስቴ።

«ደረስን።»

ብዙ ቆዩ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ እንደገና አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲህ ጠፋ፣ ልጄ» አሉ። «ዓይኔ ጠፋ። ድንጋይ ነው የሚያሳየኝ። ሲያጉረመርምም አይሰማኝ፤ ጆሮዬም አብሮ ሄዷል መሰለኝ።»

እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ዛፍ ጥላ ሥር ወደተቀመጠው ዘበኛ ሄጄ፣ «ውሃው የት ሄደ?» አልኩት።

«ሥራ ገብቷል» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «መብራት ለማመንጨት በቦይ ይወስዱታል።»

የሟቹ ቤት በኩራዝ ነበር ስናመሽ የሰነበትነው። ይህንን ልነግረው አልኩና ተውኩት። ወደ አክስቴ ተመልሼ፣ «ዓይንዎ ደህና ነው፤ ውሃው ነው የሌለው» አልኳቸው።

«በማርያም?»

«በማርያም።»

«ተመስገን» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ሳቁም። ሳቁን ሳይጨርሱ ወደ ገደሉ ዞሩ። «የሌለው ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ። ዘበኛው የነገረኝን ነገርኳቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አወረዱና ጥለቱን ገልብጠው አዘቀዘቁት።

«እቴቴ፣ ዘመድ ካልሆነ አይለቀስም አላሉም?» አልኳቸው። ቀልዴን ነበር፤ ፈርቼም ነበር።

«ጎጃምን እንዲህ አቅፎ የሚዞር ሌላ ማን ዘመድ አለኝ?» አሉና ደረታቸውን መቱ።

የአክስቴን ለቅሶ በየአገሩ ሰምቼዋለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ለጎብኚ ቅልና ነጠላ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ መጀመሪያ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ፣ ሲነገራቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ፣ «እውነት ነው፤ እኛ እኮ አላለቀስንለትም» አለችና ቅሏን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከተሉ። ውሃው ከሄደ ወዲህ ገዢያቸውም ሄዷል፤ ማልቀሻ ምክንያት ሞልቷቸዋል። ዘበኛው መጥቶ ቆቡን አወለቀ። ሁለት ፈረንጆች ከአስጎብኚያቸው ጋር ደረሱና የሚያነሡት ፏፏቴ ቢያጡ እኛን ፎቶ አነሡን።

ለቅሶው ሲበርድ ዘበኛው ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ነገ እኮ ይለቀቃል። ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ፣ ለእነሱ ተብሎ ይከፈታል» አላቸው።

አክስቴ ቀና ብለው አዩት። «ለባለሥልጣን ሲባል የሚነሣ ሙት አይቼ አላውቅም» አሉና ተነሡ።

ወደ መኪናው ወረድን። ያለቀሱለትን መልሶ መጠበቅ ነውር ነው፣ ለቅሶው አልቋል፣ አባቴ ይጠብቃሉ፤ እያሉ ሙሉውን መንገድ ለራሳቸው ያወራሉ። እኔ ገብቼ ሎሚዬን አውጥቻለሁ። አክስቴ አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ቆሙ። ረዳቱ «ይግቡ እንጂ፣ እማማ» አላቸው። እግራቸውን መልሰው አወረዱ።

«ውረጂ» አሉኝ። «እናድራለን።»

«አባዬን ምን ልበላቸው? ለቅሶው እኮ አልቋል።»

«ለማየት አደሩ በያቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ዳገቱ ላይ ሕዝብ ተሰልፏል። ከወረዳው የመጣ ካድሬ እንግዶቹን ለመቀበል ካልተሰለፋችሁ ማለፍ ክልክል ነው አለን፤ ተሰለፍን። አክስቴን አይቶ፣ «እናት፣ ነጠላውን ያስተካክሉ፤ ዛሬ የደስታ ቀን ነው» አላቸው። አክስቴ አስተካከሉ። ከዚያ ጠበቅን። ውሃው በሰዓቱ መጣ፤ የዘገዩት እንግዶቹ ናቸው።

መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው። «መጣ» አሉ አክስቴ፣ እኔ ገና ምንም ሳላይ። ከዚያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቡናማ ውሃ ብቅ አለ፣ ሰፋ፣ ወረደ፣ ሲወርድ ነጣ፤ ጢሱ ከሥር ተነሣ። ካድሬው ደንግጦ በሰልፉ መሐል ይሮጣል። «ገና ነው፤ እንግዶቹ አልመጡም፤ እልልታ የለም፤ ገና ነው» ይላል። ሰዉም ታዛዥ ነው፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ እንግዶቹን ይጠብቃል። ፏፏቴውን የምናየው እኔና አክስቴ ብቻ ነበርን።

«ይታይዎታል?» አልኳቸው።

አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ነጭ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ነጭ ነው።»

«ዓይኔም አሁን አሁን የሚያሳየኝ ነጭ ነው። የቱ ውሃው እንደሆነ፣ የቱ ሞራው እንደሆነ አልለየኝም።»

ክንዳቸውን ይዤ ከሰልፉ አወጣኋቸውና አፋፉ ድረስ ወሰድኳቸው፤ ካድሬው ከኋላ ይጠራናል። ነፋሱ ዞረና ጢሱ ፊታችን ላይ መጣ። አክስቴ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት፣ በምላሳቸውም ቀመሱት።

«ይኸኛው ውሃው ነው» አሉ።

ያን ጊዜ መኪኖቹ ደረሱ፤ ካድሬው እጁን አወዛወዘ። ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉት አክስቴ ናቸው። ያ ወፍራም የለቅሶ ድምፃቸው ዳገቱን ሞላው፣ ሕዝቡም ተከተላቸው። አንዱ እንግዳ ድምፅ ማጉያ ይዞ ለደማቅ አቀባበሉ እናታችንን አመሰገነ። አክስቴ ጀርባቸውን ለእንግዶቹ እንደሰጡ፣ ፊታቸው እንደረጠበ፣ እልልታቸውን ቀጠሉ።